ጠፍር የተጠመጠመበትን ውጅግራ መወልወል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅሉ እንደደረሰ

ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ተሰብስበው ወደ አሜሪካ ከገቡት አሮጌ ጠመንጃዎች አንዱን ገዝቻለሁ፤ ፈረንሳይ ሠራሽ ውጅግራ ነው። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራን ጠመንጃ ጥንታዊ ብሎ ስለሚመድበው ሜሪላንድ ያለው ቤቴ ድረስ በፖስታ መጣልኝ። (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ዓድዋን ብቻ በእኛ።)

የምፈልገው ግልጽ ነው። ዝገቱ እንዲቆም፣ የበርሜሉ ውስጥ እንዲጸዳ፣ ባለቤቶቹ የተዉበት ምልክት ግን አንዱም እንዳይጠፋ። ልተኩስበት አላሰብኩም።

ያለበት ሁኔታ፦ አቧራና የደረቀ ቅባት ተጋግሮበት ጥቁር ቅርፊት ለብሷል። መቀርቀሪያው ተጣብቋል፤ ንቅንቅ አይልም። ከበርሜሉ ሥር መቀመጥ የነበረበት መወልወያ ዘንግ ጠፍቷል። ሰደፉ በቀኝ በኩል በቢላ የተቀረጹ ሁለት ፊደላት አሉት፣ «ወ» እና «ገ»። ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው የሰደፉ አንገት ነው። አንድ ጊዜ ተሰብሯል፤ ስብራቱ ላይ ጠፍር በእርጥቡ ተጠምጥሞ ተሰፍቶ፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። ጠፍሩ የብረቱን ጭራ ከእንጨቱ ጋር አንድ ላይ አቅፎ ይዞታል። ይህ ማለት ጠፍሩን ሳልቆርጥ በርሜሉን ከእንጨቱ መለየት አልችልም። አልቆርጠውም። የምመርጠው መሣሪያና ዘዴ ሁሉ ከዚህ ውሳኔ በታች የሚያድር ይሆናል።

ውጅግራ ባዚል ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን የነደፈውና የፈረንሳይ ጦር በ1874 የተቀበለው ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሻስፖ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጎርስ ነበር፤ ግራ መቀርቀሪያውን ለናስ ቀለህ እንዲሆን አድርጎ አበጀው። የበርሜሉ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ፣ ርዝመቱ 1.30 ሜትር ያህል ነው። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ ወደሚተኩሰው ለበን ጠመንጃ ስትዞር ውጅግራ ከጦሯ እጅ እየወጣ በቀይ ባሕር ዳርቻ በኩል ወደ እኛ ጎረፈ፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከዘመቱት መሣሪያዎችም አንዱ ነበር። ይህኛው የት እንደዋለ የሚናገር ወረቀት የለውም፤ እኔም ታሪክ አልፈጥርለትም። ለውልወላው የሚጠቅመኝ እውነት ጥቁር ባሩድ የሚተኩስ መሆኑ ነው።

ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ

መቀርቀሪያው ስለማይከፈት ጥይቱ የሚጎርስበትን ክፍል ማየት አይቻልም። እዚያ ውስጥ ለአሥርታት የተረሳ ጥይት ሊኖር ይችላል፤ ጥቁር ባሩድ ደግሞ እርጥበት ካላገኘው ዕድሜ አይገድለውም። ስለዚህ ዘይትም መዶሻም ሳይነካው የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ አስገብቼ እስኪቆም ገፋሁት፤ ከአፈሙዙ ጠርዝ ትይዩ በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት። አውጥቼ በርሜሉ ላይ በውጪ በኩል ሳስተኛው ጫፉ የመቀርቀሪያው ራስ ድረስ ደረሰ። ጥይት ቢኖርበት ዘንጉ የአንድ ሙሉ ጥይት ርዝመት፣ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ አጥሮ ይቆም ነበር። ባዶ ነው። ባዶነቱን ካወቅሁ በኋላም አፈሙዙ ሰው ወደማይቆምበት ግድግዳ እንደዞረ ነው።

የተጣበቀውን መቀርቀሪያ ለማላቀቅ አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቀልኩ። ሁለቱ ቶሎ ስለሚለያዩ ከመጠቀሜ በፊት ሁልጊዜ እንቀጠቅጠዋለሁ። አሴቶን እሳት የሚጠራ ነገር ስለሆነ መስኮት ተከፍቶ፣ የእንጨት ቅብ ስለሚልጥም በሲሪንጅ ጠብታ በጠብታ ብረቱ ላይ ብቻ። ማታ ማታ እያንጠባጠብኩ ለቀናት ተውኩት። ከዚያ እጀታውን ከሥር ወደ ላይ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልኩ መታ መታ ሳደርገው ተላወሰ። የብረት መዶሻ ቢሆን እጀታው ላይ ጠባሳ ይተው ነበር።

መሣሪያ ስመርጥ

ገበያው ላይ ያለው የመወልወያ ዓይነት ብዛት ያደክማል። አብዛኛው ግን ለአዲስ ጠመንጃ የተሠራ ነው፤ አሮጌ ብረት ሌላ ትዕግሥት ይፈልጋል። ስመርጥ ራሴን የምጠይቀው፣ ይህ ነገር ካለፈ በኋላ ብረቱ ላይ ምን ይተዋል የሚለውን ነው።

ዘንግ። ብዙ ሰው የሚገዛው በሦስት በአራት ቁራጭ የሚገጣጠመውን የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈልገውም። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ አሸዋና የዝገት ቅንጣት ገላው ላይ ይሰካል፤ ከዚያ በኋላ በገባና በወጣ ቁጥር በርሜሉን ይሞርዳል። መገጣጠሚያዎቹም ጠርዝ አላቸው። የወሰድኩት አንድ ወጥ ብረት ሆኖ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ እጀታው በኩሽኔታ የሚሽከረከር ዘንግ ነው። የውጅግራ በርሜል ውስጡ ጥይቱን የሚያሽከረክሩ፣ ወደ ግራ የሚጠመዘዙ አራት ቦዮች አሉት፤ ዘንጉ ሲሽከረከር ብሩሹ ቦዩን ተከትሎ ይዞራል፣ ጠርዙን እየዘለለ አይፈትግም። ልባጡን ግን በእያንዳንዱ ጉዞ መጥረግ ግድ ነው፤ ፕላስቲክም ቅንጣት ይይዛል።

በየት በኩል ይግባ የሚለው ከዘንጉ ዓይነት አያንስም። የአፈሙዙ ጠርዝ ጥይቱ ከብረት የሚለይበት የመጨረሻ ቦታ ነው። እዚያ በአንድ ጎን ተፈትጎ ከተበላ የጠመንጃው ዒላማ ይበላሻል። ስለዚህ መቀርቀሪያው የሚወጣለት ጠመንጃ ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚወለወለው። ክላሽ ለዚህ አይመችም፤ በዚህ ምክንያት ነው ሰደፉ ውስጥ የሚቀመጠው የመወልወያ ቆርቆሮ ክዳን መሃሉ የተበሳው። ክዳኑ አፈሙዙ ላይ ተገጥሞ ዘንጉን መሃል ለመሃል ይመራዋል። ክዳኑን እንደ ተራ ቆርቆሮ ጥለው ዘንጉን ብቻ የሚጠቀሙ ሰዎች አይቻለሁ፤ በየጊዜው የሚጎዱት ያንን ጠርዝ ነው። በገመድ የሚሳበው መወልወያም ያው ችግር አለበት፤ አሸዋ የያዘ ገመድ ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ ሲወጣ በጊዜ ብዛት አፈሙዙ ላይ ቦይ ያወጣል። ለመንገድ ይሆናል፣ ለዘወትር ሥራ አልመክረውም።

ብሩሽ። የአረብ ብረት ብሩሽ ከበርሜሉ እኩል ስለሚጠነክር አላስገባውም። ናይሎኑ ለስላሳ ነው፣ ፈሳሽ ለማዳረስ እንጂ ዝገት ለመንቀል አቅም የለውም። ነሐሱ መካከለኛ ነው፤ ዝገት ለመንቀል አቅም አለው፣ ከበርሜል ግን ይለሰልሳል። ልኩን በተመለከተ ለ45 ካሊበር፣ ማለትም ለ11.43 ሚሊ ሜትር፣ የተሠራው ለውጅግራ በደንብ ይሆናል።

ጨርቅ። ያረጀ ነጭ የጥጥ አንሶላ ቀድጄ በአራት ማዕዘን ቆርጫለሁ። ነጭ ጨርቅ የወጣውን ነገር በቀለሙ ይናገራል፦ ጥቁሩ የባሩድ ጥላሸት፣ ቡናማው ዝገት፣ አመድማው እርሳስ። አረንጓዴ ከታየ መዳብ ነው፤ ውጅግራ የሚተኩሰው የእርሳስ ጥይት ስለሆነ እሱን አልጠብቅም።

ካቻቢቴ። ተራው ካቻቢቴ ጫፉ እንደ ሽብልቅ እየሳሳ ስለሚሄድ የብሎኑን ጥርስ ከላይ ብቻ ይነክስና ይበጣጥሰዋል። የፈረንሳይ ብሎኖች ስንጥቃቸው ጠባብ ነው። ሁለት ካቻቢቴ ሞርሳ ላይ አስሬ ጫፋቸውን በሞረድ እኩል ውፍረት እስኪኖረው አስተካከልኩ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ለአንድ መቶ ዓመት ማንም ያላበላሸውን ብሎን ማበላሸት አልፈልግም።

ጠረጴዛዬ ላይ የማይወጡት፦ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ኮምጣጤ፣ በሱቅ የሚሸጠው ዝገት የሚበላ ፈሳሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብረቱ ላይ የተቀረጸን ጽሑፍ ይፍቃሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ የሚያሳስቡኝ በሌላ ምክንያት ነው። ጠመንጃ ላይ ያለው የድሮ ጥቁርና ቡናማ ቀለም ራሱ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ዝገቱን የሚያሟሟ ፈሳሽ ቀለሙንም አይምርም፤ ብረቱ ራቁቱን አመድማ ሆኖ ይወጣል።

ጎጃም ደወልኩ

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጠመንጃ ሲወለወል እያዩ ያደጉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እናንተ በምን ነበር የምትወለውሉት?»

«በላምባ አጥበን፣ በጨርቅ አድርቀን፣ የስፌት መኪና ዘይት እንቀባዋለን። ውጅግራ ከሆነ ግን አስቀድመህ የፈላ ውሃ አውርድበት። አባቴ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።»

«ውሃው አያዝገውም?»

«ለብ ያለ ከሆነማ ያዝገዋል። የፈላው ብረቱን ስለሚያግለው ራሱ ይደርቃል። ቶሎ ዘይት ቀባው፣ ልጄ፣ አትተወው።»

ይህ ምክር ልክ የሆነበትን ምክንያት ላስቀምጥ፤ በውልወላ ላይ ከሚነገረው ሁሉ በብዛት የሚዘለለው ይህ ነው። ጥቁር ባሩድ ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከከሰልና ከድኝ የሚሠራ ነው። ሲቃጠል ከግማሽ የሚያንሰው ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው ደረቅ ዝቃጭ ሆኖ ብረቱ ላይ ያርፋል፤ በዋናነትም ፖታሲየም ካርቦኔት፣ ፖታሲየም ሰልፌትና ሰልፋይድ ነው። እነዚህ ጨዎች ከአየር እርጥበት ይስባሉ፤ እርጥበትና ጨው ያገኘ ብረት ደግሞ ይዝጋል። ጨው የሚሟሟው በውሃ ነው። ላምባም፣ ናፍጣም፣ የማሽን ዘይትም ቅባትን ያነሣሉ፤ ጨውን ግን አይነኩትም። ዘይት ብቻ የተቀባ በርሜል ላዩ እያበራ ከዘይቱ ሥር ሊዝግ ይችላል። ይህ ለጥቁር ባሩድ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ የድሮ ወታደራዊ ጥይቶች ጭስ አልባ ባሩድ ቢኖራቸውም ማቀጣጠያቸው ፖታሲየም ክሎሬት ስላለበት የሚተወው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፣ የገበታ ጨው ዘመድ። እሱም መፍትሔው ውሃ ነው። በ1903 የወጣው እውቁ የጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ ሆፕስ ቁጥር 9 ለጭስ አልባ ባሩድ ዝቃጭ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ጠመንጃ ግን ተራው ከውሃ በኋላ ነው።

የበርሜሉን ውስጥ ማጠብ

እንጨቱና ጠፍሩ ሳይነኩ የፈላ ውሃ በበርሜሉ ማውረድ ነበረብኝ። ጥሬ ቆዳ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ሌላ ቅርጽ ይኮማተራል፤ ስብራቱን የያዘው እሱ ነው። እንግሊዞች ለእንፊልድ ጠመንጃ ረጅም የታጠፈ አንገት ያለው ማንቆርቆሪያ ነበራቸው፤ የፈላውን ውሃ እንጨቱን ሳያስነኩ ቀጥታ ወደ በርሜሉ ኋላ የሚያደርስ። ሐሳቡን ወስጄ ማጥለያ ላይ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ቱቦ ገጠምኩ፤ የቱቦው ጫፍ ጥይቱ በሚጎርስበት ክፍል ውስጥ ጠበቅ ብሎ ይገባል። ሰደፉን ከአንገቱ ጭምር በፕላስቲክ ጠቅልዬ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ታች አድርጌ በሞርሳ ያዝኩት፤ በሞርሳው ጥርስና በእንጨቱ መካከል ወፍራም ሱፍ ጨርቅ አለ። ከሥር ባልዲ።

የመጀመሪያው ውሃ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ወረደ፤ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ነጣ አለ። በመካከሉ የነሐሱን ብሩሽ በሳሙና ውሃ ነክሬ ከኋላ ወደ ፊት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ገፋሁት። ብሩሽ በርሜል ውስጥ መሃል ላይ አቅጣጫ አይቀይርም፤ ፀጉሩ ይታጠፋል፣ ዘንጉም ይጨናነቃል። በመጨረሻ ንጹሕ የፈላ ውሃ በብዛት አወረድኩ። በርሜሉ በባዶ እጅ የማይነካ ሆነ፤ ደረቅ ጨርቅ ሁለት ሦስቴ ካለፈበት በኋላ ገና ሳይበርድ ባሊስቶል ቀባሁት። ባሊስቶል በ1904 ጀርመን ውስጥ የተሠራ ዘይት ነው። የመረጥኩት ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ ነው፤ ቦዩ ጥግ ላይ የቀረች እርጥበት ብትኖር አይሸፍናትም፣ ይቀላቀላታል።

በመብራት ሳየው አራቱም ቦዮች ይታያሉ። ወደ ኋላ ክፍሉ አካባቢ ዝገት የበላቸው ጉድጓዶች አሉ። ጉድጓድ በውልወላ አይሞላም፤ እዚያ ያለውን ዝገት ማስቆም ይበቃኛል። እንዲህ ያለ በርሜል ላይ ጥይት ለመሞከር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ለጠመንጃ ሠሪ ማሳየት አለበት።

ትናንሽ ክፍሎች

መቀርቀሪያው ሲፈታ የፊት ራሱ፣ መምቻው መርፌ፣ ሞላው፣ እጀታው ለየብቻ ይወጣሉ። እነዚህ ከእንጨት ነፃ ስለሆኑ ለበርሜሉ የማልችለውን ዘዴ አገኘሁባቸው፦ መቀቀል። የባትሪ ውሃ የምንለውን የተጣራ ውሃ በንጹሕ ድስት አፍልቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሬ አቆየኋቸው። ፍል ውሃው ቀዩን ዝገት ወደ ጥቁሩ የብረት ኦክሳይድ፣ ወደ ማግኔታይት፣ ይቀይረዋል። ጥቁሩ የተረጋጋ ነው፤ ብረቱን እየበላ አይቀጥልም። ሲወጡ በራሳቸው ሙቀት ደረቁ፤ ላያቸው ላይ የቀረውን ልል ጥቁር ዱቄት እጅግ በደቀቀው የብረት ሱፍ፣ አራት ዜሮ በሚባለው፣ ጠረግሁ። ቀይ እስኪጠፋ ተደጋገመ።

የኤሌክትሪክ ዘዴውንም አስቤው ነበር፤ የልብስ ሶዳ በውሃ በጥብጦ፣ ዕቃውን ከባትሪ ቻርጀር ኔጋቲቭ፣ አንድ ውራጅ ብረት ከፖዘቲቩ አያይዞ ዝገቱን ማላቀቅ። ለወፍራምና ለደደረ ዝገት ይሠራል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል፤ ውራጁ ብረት የማይዝግ ብረት መሆን የለበትም፣ መርዛማ ክሮሚየም ወደ ውሃው ይለቃልና፤ ሞላም አይገባበትም፣ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን የጠነከረ ብረትን ተሰባሪ ሊያደርገው ስለሚችል። ለእኔ መቀቀሉ በቂ ሆነ።

የውጪው ብረት

እዚህ ላይ ነው ጊዜዬ ያለቀው፣ ያለቀውም በደስታ ነው። ባሊስቶል ቀብቼ አደረ፤ በማግሥቱ የተጋገረውን ዝገት በመዳብ ሳንቲም ፋቅሁ። ከ1982 በፊት የተሠራው የአሜሪካ አንድ ሳንቲም 95 በመቶ መዳብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በመዳብ የተለበጠ ዚንክ ስለሆነ ለዚህ አይጠቅምም። መዳብ ከብረት ይለሰልሳል፤ የዝገቱን ጉብታ ይነቅላል፣ ሥሩን አይቧጭርም። ቀጥሎ የነሐስ ሱፍ በዘይት። ከብረት ሱፍ ይልቅ ነሐሱን የመረጥኩት ከእንጨቱ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ የብረት ብናኝ ተቀብሮ እንደገና እንዳይዝግ ነው። ጓንት አድርጌያለሁ፤ የዚህ ዘመን ጠመንጃ ቆሻሻ ውስጥ እርሳስ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ አይበላም፣ አይጠጣም።

ዘይቱ ሲጠረግ በመቀርቀሪያው ቤት ግራ ጎን ጽሑፉ ወጣ፤ የሴንት ኤትየን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ ሞዴል 1874፣ ከጎኑም «ኤም 80»። ይህ የመጨረሻው ምልክት በ1880 የመጣውን ማሻሻያ ያሳያል፤ ቀለህ ቢቀደድ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ በመቀርቀሪያው ቤት ውስጥ የተቀረጸ ማምለጫ ቦይ ነው። በጣቴ ዳሰስኩት፣ አለ። በሽቦ ብሩሽ ብጀምረው ኖሮ ይህን ጽሑፍ ማንበቤን እጠራጠራለሁ።

እንጨቱና ጠፍሩ

እንጨቱን በአኳራጅ በረጠበ ጨርቅ ጠርጌ ቆሻሻውን ብቻ አነሣሁ። አልሞረድኩም፣ አልፈተግሁም። ፊደላቱ ውስጥ ያለው ጥቁረት የሰው እጅ ላብና የጊዜ ነው፤ ይቆይ። ከዚያ የተልባ ዘይት በመዳፌ በጣም ስስ አድርጌ አሸሁ፣ ያልገባውን ጠረግሁ፣ ሲደርቅ ደገምኩ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ እየደረቀ ራሱን አግሎ እሳት ይነሣበታል፤ እኔ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነክሬ ነው ወደ ውጪ የማወጣው። ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ይህን ነው።

ጠፍሩን ዘይትም ውሃም አላስነካሁትም። ዘይት ቆዳውን አለስልሶ ጭብጡን ያላላዋል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ በደረቁ፣ ስፌቱን ተከትሎ፣ ያ ብቻ። የሰፋው ሰው በጣም ጎበዝ ነበር፤ ስፌቱ ከሥር በኩል፣ እጅ በማይቆረቁርበት መስመር ላይ አልፏል።

አሁን ያለበት

ከሳምንት በኋላ በርሜሉ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ሳሳልፍ ፈዛዛ ቡናማ ይዞ ወጣ። ያው እጥበት፣ ያው ዘይት ተደገመ። ቀጥሎ የወጣው ጨርቅ ላይ ዘይት ብቻ ነበር።

የውጪው ብረት ላይ በዘይቱ ፈንታ ስስ ሰም ቀብቻለሁ፤ በ1950ዎቹ በብሪቲሽ ሙዚየም ለቅርስ ጥበቃ የተዘጋጀውን ዓይነት። ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ከብረቱ ወደ እንጨቱም ይሰርጋል፤ ሰም ግን ባለበት ይቆያል፣ የጣት ላብንም ያግዳል። ጠመንጃው በቆዳ ወይም በስፖንጅ ማኅደር ውስጥ አይቀመጥም፣ ሁለቱም እርጥበት ይይዛሉ። የሜሪላንድ በጋ እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ ምድር ቤቱ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ማሽን ይሠራል፤ የአየሩን እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ አደርገዋለሁ።

የቀረኝ የምላጩ ከለላ የፊት ብሎን ነው። ዘይት ጠጥቷል፣ ግን አልዞረም። የብየዳ ብረት ጫፍ አግዬ ብሎኑ ራስ ላይ ብቻ ማሳረፍ እችላለሁ፤ ሙቀቱ ግን ወደ ጠፍሩ ስለሚቀርብ መጀመሪያ ምን ያህል ርቀት እንደሚደርስ በሌላ ውራጅ ብረት ላይ እለካለሁ። እስከዚያ ድረስ በየማታው አንድ ጠብታ።